ሸረሪቷ መሸሽ ነበር የፈለገችው

እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ አንድ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም ውስጥ ታራንቱላ የሚባሉ ጸጉራም ግዙፍ ሸረሪቶች አንዲት የአሪዞና የገጠር ከተማን ይወራሉ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎች ይጮኻሉ፣ ይሮጣሉ፣ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይሞታሉ። ዓይኑን ከሚጮኸው ተዋናይ አንስቶ ወደ ሸረሪቶቹ የሚያዞር ተመልካች ግን ሌላ ነገር ያያል። አብዛኞቹ ወደ ሰውዬው እየሄዱ አይደለም። አንዳንዶቹ ቆመዋል፣ አንዳንዶቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ይፈልጋሉ፣ የቀሩት በግልጽ እየሸሹ ነው። ታራንቱላ ዓይን አፋር ፍጥረት ነው። ሰው ሲመጣበት መሸሸግን ይመርጣል፤ የአሜሪካው ዝርያ ቢነድፍ እንኳ መርዙ ከንብ ንድፊያ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ የፊልሙ ሠራተኞች በማራገቢያና በአየር ቱቦ ነፋስ እየነፉባቸው ነበር ወደ «ተጠቂዎቹ» የሚገፏቸው።

ፊልሙ «ኪንግደም ኦፍ ዘ ስፓይደርስ»፣ የሸረሪቶች መንግሥት፣ ይባላል። በጀቱ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 50 ሺህ ዶላር የወጣው ሸረሪት ለመግዛት ነው፤ 5 ሺህ ሸረሪት፣ አንዱ በ10 ዶላር። ታራንቱላዎች አብረው ከተቀመጡ እርስ በርስ ስለሚበላሉ ለእያንዳንዱ የየራሱ ዕቃ ተዘጋጅቶለት ነበር፤ እንዳይበርዳቸውም ሙቀት ያስፈልጋቸው ነበር። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያዘንኩት ያን ሁሉ ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ ለዋለው ሠራተኛ ነው። ለሸረሪቶቹ ያዘንኩት ፊልሙን ደግሜ ሳየው፣ ግርግሩ መሐል በጫማ ሥር ሲጨፈለቁ ልብ ካልኩ በኋላ ነው።

ተፈጥሮ በሰው ላይ የምትነሣባቸውን ርካሽ የአሜሪካ ፊልሞች እወዳለሁ። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አንዳንዶቹን ርዕሳቸውን እንኳ ሳላውቅ አይቻቸዋለሁ፤ የካሴቱ ሽፋን ጠፍቷል፣ የፊልሙ መጀመሪያ ተቆርጧል፣ ድብ መሆኑን ያወቅነው ድቡ ሲመጣ ነው። አሜሪካ መጥቼ በሌሊት ፈረቃ መሥራት ስጀምር ማስታወቂያ እያስገቡ በነጻ በሚያሳዩ ጣቢያዎች አንድ በአንድ እንደገና አገኘኋቸው። ጥሩ ፊልሞች ናቸው ብዬ አልከራከርም። ብዙዎቹ መጥፎ ናቸው። ትወናው እንጨት እንጨት ይላል፣ ታሪኩ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ደሙ ቀለም መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

የሚይዘኝ ነገር ሁለት ታሪክ በአንድ ጊዜ የሚናገሩ መሆናቸው ነው። አንደኛው በድርሰቱ የተጻፈው ነው፤ ሰው መሬቱን መረዘ፣ እንስሳቱም ተነሡበት። ሁለተኛው ማንም ሳያስበው ምስሉ ላይ የቀረው ነው፤ እንስሳቱ አልተነሡም፣ ሰዎች ገፏቸው። ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፊልም ሁለተኛውን ታሪክ መደበቅ ይችላል። በ1975 ዓለምን ያስደነገጠው ታዋቂ ሻርክ በአብዛኛው ከብረትና ከላስቲክ የተሠራ ነበር፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ኮምፒውተር የወለዳቸው ናቸው። ርካሹ ፊልም መደበቂያ ገንዘብ የለውም። እውነተኛ እንስሳ ያመጣል፤ እንስሳውም እንስሳ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የተጧጧፈው በ1950ዎቹ በአቶሚክ ቦምብ ፍርሃት ነው። ቦምቡ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ከተሞከረ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚያው በረሃ ላይ ግዙፍ ጉንዳኖች የሚርመሰመሱበት ፊልም ወጣ። ተከታዮቹ ብዙ ናቸው፤ እኔን የሚስበኝ ግን በ1957 በርት አይ. ጎርደን የሠራው የፌንጣ ፊልም ነው። አንድ የግብርና ተመራማሪ የዓለምን ረሃብ ለማጥፋት አስቦ አትክልት በጨረር ያሳድጋል፤ ፌንጣዎች ያንን በልተው የአውቶቡስ ያህል ይሆኑና ወደ ቺካጎ ይዘምታሉ። ጎርደን ከተማ የሚያፈርስበት ገንዘብ ስላልነበረው እውነተኛ ፌንጣዎችን በቺካጎ ሕንፃዎች ፎቶግራፍ ላይ ነበር የሚያስኬዳቸው። በአንዱ ትዕይንት ላይ አንዷ ፌንጣ ሕንፃውን ወጥታ ትጨርስና ጉዞዋን ሳታቋርጥ ሰማዩ ላይ ትራመዳለች። ምን ታድርግ፤ ለእርሷ ሕንፃውም ሰማዩም ያው ወረቀት ነው።

ይህን ፊልም ኢትዮጵያዊ ሆኖ ማየት ትንሽ ያስቸግራል። በ2019 እና በ2020 በአገራችን ለ25 ዓመታት ያልታየ የበረሃ አንበጣ ወረራ ነበር፤ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ልጆቹን አሰልፎ ማሽላውን ለማዳን ሲሯሯጥ በቴሌቪዥንም በስልክም አይተናል። የእኛ አንበጣ ጨረር አላስፈለገውም፤ ቁመቱ ጣት ያህል ነበር፣ መብዛቱ በቂ ነበር። ሰውም አይነክስም። ማሳውን በልቶ ይሄዳል፤ የቀረውን ለረሃብ ይተወዋል። አሜሪካም ይህን ታውቀው ነበር። በ1870ዎቹ የሮኪ ተራሮች አንበጣ የምዕራቡን ሰፋሪ ገበሬ ባዶ እጁን አስቀርቶታል። ያ ዝርያ ከ1902 ወዲህ በሕይወት የታየበት ቦታ የለም፤ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ሰፋሪዎቹ እንቁላሉን የሚጥልባቸውን ሸለቆዎች ሲያርሱ ሳያውቁት ዘሩን አጥፍተውታል። ስለዚህ በ1957 የቺካጎ ተመልካች የሚፈራው አንበጣ በአገሩ አልነበረም። የጠፋ ነገርን አግንኖ መፍራት ይቀላል።

ዋናው ዘመን የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ሬቸል ካርሰን ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች የጻፈችው መጽሐፍ በ1962 ወጥቶ አገሩን አነጋግሮ ነበር። በ1969 ኦሃዮ ውስጥ ካያሆጋ የሚባለው ወንዝ ከተሸከመው ዘይትና ቆሻሻ የተነሣ በእሳት ተያያዘ። በ1970 የመጀመሪያው የመሬት ቀን ተከበረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ተቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቱም በ1972 ዲዲቲን አገደ። ርካሽ ፊልም ሠሪ ጋዜጣ ያነባል፤ ያውም ገበያ ፍለጋ። በዚያው በ1972 አንዱ እንቁራሪት፣ ሌላው ጥንቸል ይዞ መጣ።

«ፍሮግስ» በፍሎሪዳ ረግረግ ዳር ባለ አሮጌ የባለጸጋ ቤት ነው የተቀረጸው። የቤቱ ጌታ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ቁጡ ሽማግሌ ነው። የሚጫወተው ሬይ ሚላንድ፣ አንድ ጊዜ ኦስካር የወሰደው ሰው ነው፤ እዚህ ድረስ እንዴት እንደወረደ እያሰበ የሚተውን ይመስላል፤ ቁጣው ግን ለገጸ ባሕርዩ ይስማማዋል። ሽማግሌው የእንቁራሪቶቹን ጩኸት ስለሚጠላ ሠራተኛውን መርዝ እንዲረጭ ይልከዋል፤ ሠራተኛው ሞቶ ይገኛል። ቤተሰቡ ግን የልደቱን በዓል ማክበር አለበት። ሽማግሌው ቀኑን አላዛውርም ብሏልና ብዙዎቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ።

የዚህ ፊልም ጉዱ፣ እንቁራሪቶቹ እስከ መጨረሻው ድረስ ማንንም አለመንካታቸው ነው። የሚገድሉት እባቡ፣ አዞው፣ ሸረሪቱ፣ አልቅቱ፣ ኤሊዋ ናቸው። እንሽላሊቶቹ አትክልት ማፍያው ውስጥ ገብተው የኬሚካል ጠርሙሶች እየገፉ ይጥሉና የቤተሰቡን አንድ ልጅ በጋዙ አፍነው ይገድሉታል። ጠርሙሶቹን ደርድሮ ያስቀመጣቸው ግን ያው ቤተሰብ ነው። እንቁራሪቶቹ ደረጃው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። ብዙዎቹ እንዲያውም ጉርጦች ናቸው። ለቀረጻው በመቶዎች ተገዝተው ብዙዎቹ አምልጠው ወደ ረግረጉ ገብተዋል፤ ደግ አደረጉ። ከእነዚህ ፊልሞች ሁሉ የምመርጠው ይህን ነው፤ እንስሳቱን ከአቅማቸው በላይ አያስተውናቸውም። እንቁራሪት የሚችለውን፣ መቀመጥና ማየትን፣ ብቻ ነው የጠየቃቸው፤ አንድን ቤት ለማስፈራት ያ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

የጥንቸሉ ፊልም፣ «ናይት ኦፍ ዘ ሊፐስ»፣ ሌላ ጉዳይ ነው። አርቢዎች ቀበሮ መሰሉን ኮዮቲ ገድለው ስለጨረሱ ጥንቸል በዝቷል፤ ተመራማሪዎች ዘሩን ለመቀነስ የሰጡት ሆርሞን ደግሞ ግዙፍ ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ አያስቅም፤ አዳኙን እንስሳ ያጠፋ ገበሬ የታዳኙ መብዛት እንደሚደርስበት የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ካሜራው ጥንቸሎቹን ያሳየናል። ለማዳ፣ ለስላሳ የቤት ጥንቸሎች በትንንሽ የቤትና የመንገድ ሞዴሎች መካከል ይሮጣሉ፤ ምስሉ ፍጥነቱ ተቀንሶ፣ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተጨምሮበታል፤ አፋቸው አካባቢ ቀይ ነገር ተቀብቷል። ሰው ላይ የሚወጡበት ቦታ ሲደርስ የጥንቸል ልብስ የለበሰ ተዋናይ ይተካቸዋል። ስቱዲዮው ራሱ አፍሮ ርዕሱን በላቲን ስም ሸፍኖ፣ ጥንቸል የሚለውን ነገር ከማስታወቂያው አርቆት ነበር።

እናቴ ለጥየቃ መጥታ እኔ ዘንድ ሳለች ይህን ፊልም አብራኝ አየች። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ከተመለከተች በኋላ፣

«እነዚህ ምን በድለው ነው እንዲህ የሚያሯሯጧቸው? ሣር እንኳ የሚጥልላቸው የለም?» አለችኝ።

ሰው እየበሉ ስለሆነ ነው ብዬ አስረዳኋት።

«እነዚህ?» አለችና ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ስለዚህ ፊልም ከተጻፉት ትችቶች የእናቴን የሚያህል አላነበብኩም። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ትዕይንት አለ፤ ለእርሱ ስል ፊልሙን ይቅር እለዋለሁ። ፖሊሶቹ ድራይቭ ኢን ወደሚባለው፣ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ፊልም ወደሚያይበት ሜዳ ይሄዳሉ፤ ገዳይ ጥንቸሎች እየመጡ ነው ብለው በድምፅ ማጉያ ያውጃሉ፤ ተመልካቾቹም ሳይጠይቁ፣ ሳይስቁ፣ የመኪናቸውን መብራት አብርተው መንጋውን ኤሌክትሪክ ወደተለቀቀበት ሐዲድ ለመንዳት ይሰለፋሉ። እነዚህ ፊልሞች ዋነኛ ገበያቸው እንዲህ ያለው ሜዳ ነበር። መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች ራሱን እየታዘዘ አየ ማለት ነው። ያን ሌሊት ስንቱ እንደሳቀ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ወደ ሸረሪቶቹ ልመለስና፣ ታሪኩ በአንድ ጥጃ ነው የሚጀምረው። ጥጃውን ያጣው አርቢ ኮልቢ ይባላል፤ የሚጫወተው ዉዲ ስትሮድ ነው። ስትሮድን ኢትዮጵያውያን ሳናውቀው እናውቀዋለን። በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን በአሜሪካ ቴሌቪዥን በሚታየው፣ በ1956 በተሠራው «አሥርቱ ትእዛዛት» ላይ ሙሴ ፈርዖን ፊት ያቀረበው የኢትዮጵያ ንጉሥ እርሱ ነው። በ1960 በ«ስፓርታከስ» ደግሞ ተፋላሚውን ከመግደል ሞትን የመረጠው ኢትዮጵያዊ ታጋይ ሆኖ ተውኗል። በ1946 በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የዘር አጥሩን ከሰበሩት ጥቁር ተጫዋቾችም አንዱ ነበር። ይህ ሁሉ ታሪክ ያለው ሰው በ60ዎቹ ዕድሜው አሪዞና ላይ የሞተ ጥጃ አጠገብ ቆሞ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ይነጋገራል፤ ፊልሙ ውስጥ ከብት አርብቶ የሚያውቅ የሚመስለው ብቸኛ ሰውም እርሱ ነው። ስለ ጥጃው ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከብት የሞተበት ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው።

የሸረሪት ባለሙያዋ ትመጣና ፀረ ተባይ ኬሚካሉ የሸረሪቶቹን ምግብ ስለጨረሰው ወደ ከብቱ እንደዞሩ ትናገራለች። ከንቲባው ዓመታዊው ባዛር እንዳይቀርበት ፈርቶ ምን ያደርጋል? ተጨማሪ መርዝ በአውሮፕላን ያስረጫል። ይህ ከንቲባ በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ አለ፤ አንዳንዴ ከንቲባ፣ አንዳንዴ የመዝናኛ ቦታ ባለቤት፣ አንዳንዴ ሻለቃ ይሆናል። በ1978 በሮጀር ኮርማን ኩባንያ በተሠራው «ፒራኛ» ደግሞ ዓሣዎቹን ለቬትናም ጦርነት ያራባቸው ራሱ ወታደሩ ነው። ባለሥልጣኑን ካወጣችሁት ታሪኩ በሃያ ደቂቃ ያልቃል፤ መንገዱን ይዘጉታል፣ ሰው ይወጣል፣ እንስሳው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ድርሰቱ መርዝን እየከሰሰ፣ ቀረጻው ሸረሪት እየጨፈለቀ መሄዱ ግን ያናድደኛል። ያንን የከሳሽነት ድፍረት ለማንሣት አንድ የበረሃ ሸረሪት በ10 ዶላር መግዛት አያስፈልግም ነበር። ሴቷ ታራንቱላ ካልነኳት ጉድጓዷ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ትኖራለች። በዚያ ዓመት አሪዞና ላይ ከተለቀቁት አንዳንዶቹ ከቀረጻው ሠራተኞች የሚበልጥ ዕድሜ ሊቀራቸው ይችል ነበር ብሎ ማጋነን ባይቻልም፣ ከፊልሙ ትውስታ የሚበልጥ ግን ይቀራቸው ነበር።

ስለ ዳይሬክተሩ ዊልያም ገርድለር በአጭሩ ልበል። በ1976 «ግሪዝሊ» የሚባለውን የድብ ፊልም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ገንዘብ ሠርቶ ከ30 ሚሊዮን በላይ አስገባ፤ ከዚያ ድርሻውን ለማግኘት አከፋፋዩን መክሰስ ነበረበት። ድቡ የሰለጠነ ነበር። እንዲያገሳ ሲፈለግ ማርሽማሎ የሚባለውን ለስላሳ ጣፋጭ አፉ ውስጥ እየወረወሩለት ቆይተው የመጨረሻውን ይዘውበት ይቆማሉ፤ እርሱ አፉን ከፍቶ ይንጠራራል፤ ግሳቱ በኋላ ይጨመርበታል። ጭራቁ ጣፋጩን እየጠየቀ ነበር ማለት ነው። በዓመቱ የሠራው ደግሞ «ዴይ ኦፍ ዘ አኒማልስ» ነው። የኦዞን ሽፋን ስለሳሳ በከፍታ ላይ ያሉ እንስሳት ሁሉ ያብዳሉ፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ያለ ሰው አለቀለት። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትጠፋለች፣ ደብረ ብርሃንማ አይነሣ። ሆኖም ፊልሙ ሲጀምር የሚጠቅሳቸው የኦዞን ተመራማሪዎች፣ ሮውላንድና ሞሊና፣ በዚሁ ሥራቸው በ1995 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ገርድለር ያንን አላየም። በ1978 መጀመሪያ ፊሊፒንስ ውስጥ የቀረጻ ቦታ ሲፈልግ ሄሊኮፕተሩ ወድቆ በ30 ዓመቱ ሞተ።

የቀሩት ንቦቹ ናቸው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይቀርባል። በ1957 ብራዚል ውስጥ ለምርምር ከአፍሪካ የመጡ ንቦች ከነንግሥቶቻቸው አምልጠው ከአካባቢው ንብ ጋር ተዳቀሉ፤ ወደ ሰሜንም መጓዝ ጀመሩ። ቴክሳስ የደረሱት በ1990 ነው። የአሜሪካ ፊልም ግን አልጠበቃቸውም፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የንብ ፊልም እንደ አሸን ፈላ። ከእነዚህ አንዱ፣ በ1976 ለቴሌቪዥን የተሠራው፣ ንብ የሸፈናትን ትንሽ ቮልስዋገን ኒው ኦርሊንስ ወዳለው ትልቅ ስታዲየም አስገብቶ በማቀዝቀዣ ንቦቹን ያደነዝዛቸዋል፤ ይህ ቢያንስ ብልሃት አለው። በ1978 የወጣው «ዘ ስዎርም» ርካሽ አይደለም፤ ገንዘብ በገፍ የፈሰሰበት ነው፤ የሚያስነሣኝ ግን ገጸ ባሕርያቱ ንቦቹን ደጋግመው «አፍሪካውያኑ» እያሉ መጥራታቸው ነው። አፍሪካውያኑ እየመጡ ነው፤ አፍሪካውያኑ ቤት ገብተዋል። ፊልሙን ሥራ ቦታዬ ላይ፣ ለጥበቃ በተሰጠኝ ወንበር ተቀምጬ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ያደግሁት ቀፎ ባለበት ግቢ አቅራቢያ ነው። ጋሼ የምንለው የእናቴ ወንድም ጎጃም ውስጥ ማር የሚቆርጠው ከመሸ በኋላ ነበር፤ ጭሱን አዘጋጅቶ፣ እኛን ልጆቹን ቤት ዘግቶብን፣ አህያውን ከግቢው አርቆ አስሮ። ንብ አትናደፍም ብሎ አያውቅም። ትናደፋለች፤ ተነካክታ ከተነሣች የታሰረ ከብት ትገድላለች። ስለዚህ በሰዓቷ፣ በጭሷ፣ በደንቧ ይቀርቧታል። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው የሚለው ትውፊት ባለበት አገር ንብ የምትፈራና የምትከበር ጎረቤት ናት።

የ«ዘ ስዎርም» ሠሪዎች መጨረሻ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ጽፈዋል። በፊልሙ የታየችው አፍሪካዊት ገዳይ ንብ፣ ሰብላችንን ከምታዳብርልን ታታሪዋ አሜሪካዊት ንብ ጋር ምንም ዝምድና የላትም ይላል። አሜሪካዊት የተባለችው ንብ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ በመርከብ የመጣች ናት፤ በዝርያም የአፍሪካዊቷ የቅርብ ዘመድ ናት። የብራዚል አናቢዎች በበኩላቸው መጀመሪያ ከደነገጡ በኋላ ቀፎውን ከቤት አርቀው፣ ጭሱን አጠናክረው፣ ልብሳቸውን አወፍረው አዲሷን ንብ ለመዱ፤ ከቀድሞዋ ይልቅ በሽታ የምትቋቋም ሆና አገኟት። ዛሬ ብራዚል ማር ወደ ውጭ ከሚልኩት አገሮች አንዷ ናት፤ ከገዢዎቿም ቀዳሚዋ አሜሪካ ናት።